የሰፈራችሁን መጽሔት እንዴት ትጀምራላችሁ? ከለቡ መብራት ኃይል የሚነሣ መመሪያ

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአዲስ አበባው የለቡ ሰፈር ሲመረቅ ሰፈሩ የአገር ዜና ሆኖ ዋለ። የሁለቱ አገሮች መሪዎች መጡ፤ ካሜራው ተደረደረ፤ ሪባን ተቆረጠ። በማግሥቱ ጋዜጠኛው ወደ መሀል ከተማ፣ ሰፈሩም ወደ ዕለት ኑሮው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በጣቢያው፣ በለቡ ሙዚቃ ቤትና በለቡ መብራት ኃይል ዙሪያ ብዙ ሕንፃ ቆሟል፤ ካፌና ሥጋ ቤት ተከፍቷል፤ ብዙ አዲስ ነዋሪ ገብቷል። እዚህ የሚዘፈነውን፣ የሚደገሰውን፣ የሚሰፋውንና የሚጠበሰውን ተከታትሎ የሚጽፍ ግን እምብዛም የለም። የአዲስ አበባ ባህል ሲባል የጸሐፊው እግር የሚቀናው ወደ ፒያሳ፣ ወደ አራት ኪሎና ወደ ካዛንቺስ ነው።

እነዚያም ሰፈሮች ቢሆኑ እንደነበሩ አልቆዩም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ታሪኩ ዛሬም በደንብ ይታወቃል፤ ዳንሰኛው መላኩ በላይ ቦታውን የጥበብ ማዕከል ካደረገው ጀምሮ ብዙ ተጽፎለታል፣ ብዙ ተቀርጿል። ጎረቤቱ የነበሩት ጠጅ ቤት፣ ልብስ ሰፊና ፀጉር ቤት ግን ያንን ዕድል አላገኙም። ለቡም በፍጥነት የሚለወጥ ሰፈር ስለሆነ ዛሬ የሚታየው ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚገኝ ዋስትና የለም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሰፈሩ ለሚኖሩና ስልክ፣ ጥቂት የሳምንት መጨረሻ ሰዓትና የመጻፍ ፍላጎት ላላቸው ሦስት አራት ጓደኛሞች ነው። ለቡ በምሳሌነት ቀረበ እንጂ ስልቱ ለጀሞም፣ ለኮተቤም፣ ለባሕር ዳርም ይሠራል።

1. ወሰናችሁን በእግር አስምሩ

አዲስ አበባ አሥራ አንድ ክፍለ ከተሞች አሏት። ሁሉንም እዘግባለሁ ብሎ የሚነሣ ትንሽ ቡድን ከትልልቆቹ መገናኛ ብዙኃን ኋላ ሲሮጥ ይደክማል። ስለዚህ ከለቡ መብራት ኃይል ተነሥታችሁ በእግር በሠላሳ ወይም በአርባ ደቂቃ የምትደርሱበትን ሁሉ የመጽሔቱ ሰፈር አድርጉት። ላፍቶ፣ ጀሞ፣ መካኒሳና ኃይሌ ጋርመንት በሁለተኛው ክብ ይሁኑ፤ ወደዚያ የምትሄዱት የሚያስኬድ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ወሰኑን የወረዳ ካርታ አይወስነውም። ነዋሪው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድና ለትምህርት ቤት የሚሻገርበት መንገድ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ፉሪ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢሆንም የለቡ ሰው በየቀኑ ይመላለስበታል። በአንድ ታክሲ ውስጥ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ስለሚሰማ ከቡድናችሁ ቢያንስ አንዱ ሁለቱንም የሚናገር ይሁን።

ጠባብ ጅምር ትልቅ ቦታ እንደሚያደርስ የሌላው ዓለም ልምድም ያሳያል። ኒው ዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቮይስ የተባለው ጋዜጣ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ግሪንዊች ቪሌጅ ለምትባለው አንዲት ሰፈር ነበር። ለንደን ውስጥ ቶኒ ኤሊየት በ1968 እ.ኤ.አ. ታይም አውትን ሲጀምር ደግሞ በከተማው የት ምን እንደሚታይ የሚዘረዝር ትንሽ ኅትመት ይዞ ነው። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ ከመነሻቸው ርቀው ታወቁ።

2. የሚጽፈውና የሚያጣራው ሰው ይለያዩ

አራት ሥራ አለ፤ ማዘጋጀት፣ መዘገብ፣ ፎቶ ማንሣትና ማጣራት። ሰው ካነሰ አንዱ ሁለት ሥራ ሊይዝ ይችላል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ግን የራሱን ጽሑፍ አጣርቶ ማሳለፍ የለበትም። አጣሪው እያንዳንዱን ስም ከነአጻጻፉ፣ እያንዳንዱን ዋጋ፣ ቀንና ስልክ ቁጥር እንደገና ደውሎ ያረጋግጣል። ሰፈር ውስጥ ስህተት አይደበቅም፤ ስሙ የተሳሳተበት ባለ ሱቅ ነገ ጠዋት ዳቦ ስትገዙ ያገኛችኋል።

3. በአራት ዐምድ ጀምሩ

በመጀመሪያው ወር አሥር ዐምድ ከፍቶ በሁለተኛው ወር ባዶ መተው አንባቢን ያርቃል። አራት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው «በዚህ ሳምንት» ነው፦ የሙዚቃ ምሽት፣ የትምህርት ቤት ቴአትር፣ የመጽሐፍ ምርቃት፣ የእሑድ ገበያ፣ የሰፈር እግር ኳስ ውድድር። አንባቢ መጀመሪያ የሚመጣው ለዚህ ዐምድ ነው፤ ስለዚህ አጭርና ትክክለኛ ይሁን።

ሁለተኛው የባለሙያ ገጽ ነው። ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሠሪ፣ ፀጉር ሠሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ የታክሲ ላይ ጥቅስ ጻፊ ሁሉ ይገባበታል። ሙያውን ከማን ተማሩ? በስንት ዓ.ም. ጀመሩ? መሣሪያው ምን ይባላል? ደንበኛው ማን ነው? አንድ ሥራ ስንት ቀን ይወስዳል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ «ታታሪ ሰው ናቸው» ከሚለው ሙገሳ ይልቅ ሰውየውን ያሳያል።

ሦስተኛው የቦታ ታሪክ ነው። ለቡ ለዚህ ዐምድ የታደለ ነው። የባቡር ጣቢያው ብቻውን ብዙ ያጽፋል፤ የድሮው ባቡር ለገሀር ይገባ ነበር፣ የአዲሱ የመንገደኞች መነሻ ደግሞ ለቡ ሆነ፣ የንግድ አገልግሎቱም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ጣቢያው መኖሩ በታክሲ መስመሩ፣ በቤት ኪራዩና በምግብ ቤቶቹ ላይ ምን ለወጠ? ይህን ነዋሪውን ጠይቃችሁ ጻፉ። የሰፈሩ ስምም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ተተኪው ኮርፖሬሽን በ2006 ለሁለት ተከፍሏል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል። ሰፈሩ በዚህ ስም የተጠራበትን ምክንያት ከወሬ አትቅዱ። ከቀደምት ነዋሪዎችና ከቤት ማኅበራት ሰነድ ፈልጉት፤ ሁለት የተለያየ ነገር ከሰማችሁ ሁለቱንም ከነተናጋሪው አስፍሩ።

አራተኛው የጥበብ ዐምድ ነው። መካኒሳ የሚገኘው ዞማ ቤተ መዘክር ከለቡ ሩቅ አይደለም። የጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ያቋቋሙት ይህ ግቢ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ፣ በአገር ቤት የግንባታ ጥበብ የተሠሩ ናቸው። ኤልያስ ከመርካቶ በሚሰበስበው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ቅራቅንቦ በሚሠራቸው ሥራዎች በዓለም ትልልቅ ማሳያዎች ይታወቃል። ስለ ዞማ የውጭ መጽሔቶች ብዙ ጽፈዋል። የእናንተ ድርሻ እነሱ የማይጽፉትን መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ ከለቡ በየትኛው ታክሲ እንደሚኬድ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ ልጆች ምን እንደሚያዩ፣ የአካባቢው ግንበኞች ከጭቃ ሥራው ምን እንደተማሩ።

4. ወሬውን ከእድር፣ ከቡና እና ከታክሲ ተራ ልቀሙ

የሰፈር ዜና በመግለጫ አይመጣም። የእድር ሰብሳቢው ማን ሰፈር እንደገባና ማን እንደለቀቀ ያውቃሉ። የእቁብ ዳኛው የትኛው ሱቅ ሊከፈት እንደሆነ ቀድመው ይሰማሉ። ተራ አስከባሪው የትኛው መንገድ መቼ እንደሚዘጋ ይነግራችኋል። በሳምንት አንድ ቀን ቋሚ ሰዓት መድባችሁ እነዚህን ሰዎች ዙሩ። በመጀመሪያው ቀን ደብተር አታውጡ፤ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትሠሩ ተናገሩ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ።

ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፅ ቅረጹ። ረጋ ያለ ጭውውት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰማውን ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 አድምጡ። መዓዛ ብሩ በጣቢያው «የጨዋታ እንግዳ» ዝግጅት እንግዳቸውን ከልጅነቱ አንሥተው ቀስ ብለው ያመጡታል፤ ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩሉም። ከመለያየታችሁ በፊት ስሞችንና ዓመተ ምሕረቶችን ለጠየቃችሁት ሰው መልሳችሁ አንብቡለት። ክርክር ያለበትን ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ከሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስሙት።

ስለ ምግብ ቤት የምትጽፉ ከሆነ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ክፈሉ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሂዱ፣ አንዱ በጾም ቀን ይሁን። ረቡዕ የሚቀርበው በያይነቱና ማክሰኞ የሚቀርበው ጥብስ የአንድ ቤት ሁለት ገጽ ናቸው። ዋጋ ስታስቀምጡ ያያችሁበትን ወር አብራችሁ ጻፉ። ከዓመታት በኋላ «በዚህ ወር አንድ ስኒ ቡና ይህን ያህል ነበር» የምትለዋ መስመር ለታሪክ ጸሐፊ ከሙሉ ገጽ ሐተታ ልትበልጥበት ትችላለች።

5. ቀንና ሰዓትን አንድ ወጥ አድርጉ

ለአዲስ አበባ የዝግጅት ማስታወቂያ ትልቁ አደጋ ሰዓት ነው። አንድ የውጭ የባህል ተቋም በፖስተሩ ላይ «6፡00» ብሎ ከጻፈ ምሽት 12 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢያችሁ ግን በቀትር ሄዶ በር ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ፣ የቀኑን ክፍል አትዝለሉ፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 12 ሰዓት»። የሳምንቱን ቀን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የመግቢያ ዋጋውን፣ ታክሲ የሚወርዱበትን ቦታ ጨምሩ። የውጭ ዘመን ስትጠቅሱ «እ.ኤ.አ.» በሉ። ዝግጅቱ ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው አጣሪው ለአዘጋጁ ደውሎ እንዳልተሰረዘ ያረጋግጥ።

ዓመቱንም አስቀድማችሁ ሙሉት። እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 16 የሚለኮሰው ደመራ፣ ኢሬቻ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ረመዳንና ኢድ፣ ፋሲካ፣ ነሐሴ 13 ቡሄ ሁሉም በሰፈር ደረጃ የራሳቸው መልክ አላቸው። የመስቀል አደባባዩን ደመራ ቴሌቪዥን ያሳያል፤ በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው የሚያቆሙትን የምትመዘግቡት እናንተ ናችሁ።

6. ፊደሉ በማንኛውም ስልክ እንዲነበብ አድርጉ

የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ጽሑፋችሁን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ጻፉ። በድሮ የኮምፒዩተር ፊደላት የተተየበ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ከማተሚያ ቤት ወይም ከሽማግሌ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ፋይል ከመጣላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ለገጹ እንደ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፊደላት ይበቃሉ።

የአጻጻፍ ደንብም በአንድ ገጽ አውጡ። «ኃይል» ወይስ «ሃይል»? «ዓመት» ወይስ «አመት»? አንዱን መርጣችሁ ሁልጊዜ ተጠቀሙበት። አንባቢ ሲፈልግ ግን በሁለቱም እንደሚጽፍ አትርሱ፤ በገጹ የፍለጋ ቃላት ውስጥ «ለቡ መብራት ሃይል» የሚለውንም አስገቡ።

7. ፎቶ ስታነሡም ስትዋሱም ፈቃድ ይኑራችሁ

የሰው ፊት ጎልቶ በሚታይበት ፎቶ ላይ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ሕፃን ከሆነ ወላጁን። በባቡር ጣቢያ፣ በኃይል ማከፋፈያና በመሰል ተቋማት ግቢ ለማንሣት አስቀድማችሁ በደብዳቤ ፈቃድ አውጡ።

ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል። ከዚያ ይልቅ ከነዋሪው አልበም ሰብስቡ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ የከተማውን ሰዎች የቤተሰብ ፎቶዎች ሰብስቦ በማኅበራዊ ሚዲያ አሳይቶ በኋላም በመጽሐፍ አሳትሟል። ለለቡም ይህ ይቻላል፦ ቤት ሲሠራ የተነሣ፣ አስፋልት ሳይገባ የተነሣ፣ የመጀመሪያው ዓመት የእድር ድንኳን። ፎቶውን እዚያው በስልክ ገልብጣችሁ ዋናውን ወዲያው መልሱ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ሳትመልሱ አንድም ፎቶ አታስቀምጡ።

8. ገጹ ቀላል፣ ማኅደሩ የራሳችሁ ይሁን

አብዛኛው አንባቢ የሚያየው በስልክ፣ በሚገዛው ዳታ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ከ200 ኪሎ ባይት በታች አድርጉ፤ ራሱን የሚከፍት ቪዲዮ አታስገቡ። ዎርድፕረስን በመሰለ ዝግጁ መሣሪያ ጀምሩ፤ የራሳችሁን የድረ ገጽ ስም ግን ግዙ። ቴሌግራም አንባቢን ለመድረስ ፈጣኑ መንገድ ስለሆነ ቻናል ክፈቱ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ «በዚህ ሳምንት»ን እዚያ ልቀቁ። ሙሉው ጽሑፍ ግን በድረ ገጹ ይቀመጥ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በተዘጋ ወይም በተሰረቀ ቀን የሁለት ዓመት ሥራ አብሮ ይሄዳል። በየወሩ መጨረሻ ሁሉንም በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ።

ኅትመት ባይኖርም መጽሔት እንደሚቀጥል ምሳሌው ቅርብ ነው። አዲስ ስታንዳርድ በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ወረቀቱን አቁሞ በኢንተርኔት ቀጠለ። በኒው ዮርክ የሚዘጋጀው ታዲያስ መጽሔትም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያንን ሕይወትና ጥበብ ሲዘግብ ዛሬ የሚነበበው በድረ ገጹ ነው።

9. ሕጉን ከመጀመሪያው ቀን እወቁ

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንንም ይመለከታል፤ ምዝገባው በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ወደ ባለሥልጣኑ ሄዳችሁ ለእናንተ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገውን ሰነድ በጽሑፍ ጠይቁ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። ሁለተኛው በተለይ ይነካችኋል፤ የአንባቢዎችን ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ስትሰበስቡ ለምን እንደምትሰበስቡ መናገርና በጥንቃቄ መያዝ አለባችሁ። በገጹ ላይ የማረሚያ ዐምድ ክፈቱ፤ ስህተት ሲገኝ ዝም ብላችሁ አትሰርዙ፣ ምን ተሳስቶ ምን እንደታረመ ከነቀኑ አሳውቁ።

10. ገንዘቡ ከሰፈሩ ይምጣ

ትልቅ ድርጅት ስፖንሰር እስኪሆን አትጠብቁ። የሰፈሩ ካፌ፣ መድኃኒት ቤት፣ ጂም፣ የቋንቋ ትምህርት ቤትና ጋራዥ በወር አነስተኛ ክፍያ ማስታወቂያ ሊያወጡ ይችላሉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቴሌብር ትንንሽ ክፍያ መቀበልን ቀላል አድርጎታል፤ ፈቃደኛ አንባቢም በወር ጥቂት ብር ሊልክ ይችላል። ገንዘብ መቀበል ከመጀመራችሁ በፊት የንግድ ፈቃድና የግብር ጉዳያችሁን ጨርሱ።

አንድ ደንብ ግን ከማስታወቂያው በፊት ይጻፍ። የተከፈለበት ነገር ሁሉ በላዩ ላይ «ማስታወቂያ» ይባል፤ ማስታወቂያ የሰጠ ምግብ ቤት ስለ ምግቡ ከሚጻፈው አንድም ቃል አይለውጥ። ወጪና ገቢውን በየሦስት ወሩ ለቡድኑ አባላት አንብቡ።

11. የመጀመሪያው ወር መርሐ ግብር

አንደኛ ሳምንት፦ ወሰኑን በእግር ዙሩ፤ ያያችሁትን እያንዳንዱን የሥራ ቦታ፣ ትምህርት ቤት፣ ሜዳና መሰብሰቢያ በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። የአጻጻፍ ደንቡንና የማጣሪያ ዝርዝሩን ጻፉ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ከእድር፣ ከትምህርት ቤትና ከካፌ አሥር ሰዎች ተዋወቁ። የአንድ ባለሙያ ቃለ መጠይቅና የባቡር ጣቢያውን ታሪክ ጀምሩ።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ጽሑፎቹን አጣሩ፣ ፎቶዎቹን አሳንሱ፣ ገጹን በሦስት የተለያዩ ስልኮች ክፈቱ፤ አንዱ ርካሽና አሮጌ ይሁን። አንድ የሰፈር ሽማግሌና አንድ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ያንብቡት።

አራተኛ ሳምንት፦ አራት ጽሑፍ ይዛችሁ ውጡ። የድረ ገጹን አድራሻ በትንሽ ወረቀት አትማችሁ በካፌው ባንኮኒ፣ በፀጉር ቤቱ መስተዋት፣ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደጻፋችሁላቸው ሰዎች ተመለሱና ያነበቡት ልክ መሆኑን ጠይቁ።

ስድስት ወር ሲሞላ የተሻሉትን ጽሑፎች በወረቀት አሰባስባችሁ ጥቂት ቅጂ አትሙ። አንዱን ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ስጡ፤ በሽፋኑ ላይ የተዘጋጀበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ የጸሐፊዎቹንና የፎቶ አንሺዎቹን ስም አስፍሩ።